የደረቀችው ትራምፔት

ሰሞኑን ለማስተማር ልምምድ የሚወጡ እጩ መምህራን የትምህርት ዕቅዳቸውን እያመጡ ያሳዩኛል። «ዓላማ» ከሚለው ርዕስ ሥር «ተማሪዎች ይገነዘባሉ»፣ «ተማሪዎች ያደንቃሉ» የሚል ሳነብ ቀዩን ብዕር አነሣና መልሼ አስቀምጠዋለሁ። እኔም እንደዚያው ጽፌ ነበርና በምን አፌ ልቆጣ!

ወጣት መምህር ሳለሁ የተመደብኩበት ትምህርት ቤት ከአንድ ባንድ የተረፉ አሥራ ስምንት የትንፋሽ መሣሪያዎችና ሁለት ከበሮዎች ነበሩት። ኖታ ማንበብ ትንሽ ትንሽ እሞካክር ስለነበር የተማሪዎቹ ባንድ እኔ ጫንቃ ላይ ወደቀ። ያን ዓመት የጻፍኩት ዓላማ እስከ ዛሬ አልጠፋኝም። አንደኛ፣ ተማሪዎች የሙዚቃን ጥቅም ይገነዘባሉ፤ ሁለተኛ፣ የኅብረት ሥራን ያደንቃሉ፤ ሦስተኛ፣ በወላጆች ቀን ሦስት ማርሽ ያሰማሉ። ርእሰ መምህሩ አንብበው «ጎሽ!» አሉኝ።

የወላጆች ቀን ደረሰ። ልጆቹ ነጭ ሸሚዝ ለብሰው ተደረደሩ። ሦስቱም ማርሽ ተሰማ፤ እናቶች እልል አሉ፤ እኔም ደረቴን ነፋሁ።

ጉዱ የወጣው ዕቃ ስንሰበስብ ነው። ትራምፔት የነፋ ሰው እንደሚያውቀው፣ ሞቃቱ ትንፋሽ በብረቱ ውስጥ ሲያልፍ ይቀዘቅዝና ውሃ ይሆናል። ተጫዋቹም ከታች ያለችውን ትንሽ ቀዳዳ ከፍቶ ያፈሰዋል። (ሰው ሁሉ ምራቅ ይመስለዋል፤ አብዛኛው ግን የትንፋሽ እንፋሎት ነው።) ልጆቹ ተራ በተራ ውሃውን እያፈሰሱ መሣሪያቸውን ሲያስረክቡኝ፣ ከሦስተኛው ትራምፔት ጠብ የሚል ነገር ጠፋ።

«ያንተዋ ምነው ደረቀች?» አልኩት እየቀለድኩ።

ልጁ ጫማውን ማየት ጀመረ። «ጋሼ፣ እኔኮ አልነፋሁም።»

«ዛሬ ነው?»

«ከጥቅምት ጀምሮ።»

ቁጭ ብለን ተነጋገርን። ለካስ ልጁ ሰነፍ አይደለም። ሦስቱን ቁልፎች አሳምሮ ያውቃል፦ መካከለኛው ድምፁን በግማሽ፣ የመጀመሪያው በአንድ፣ ሦስተኛው በአንድ ተኩል ዝቅ እንደሚያደርገው በቃሉ ነገረኝ። ያልያዘው ከንፈሩን ነው። ትራምፔት ቁልፍ ሳይነካ እንኳ ብዙ ድምፅ ያወጣል፤ የትኛው እንደሚወጣ የሚወስነው የከንፈር መጥበቅና የትንፋሽ ኃይል ነው። ይህንን ለክፍሉ አንድ ቀን ተናግሬ አልፌ ነበር። እሱ በዚያን ቀን አልወጣለትም፤ «አልወጣልኝም» ለማለትም አፈረ። ከዚያ ወዲያ ጣቱን እንደ ሌሎቹ እየተጫነ፣ ጉንጩን እየነፋ፣ ጎኑ ያሉት ልጆች ድምፁን ያወጡለታል። እኔ ደግሞ 85 ሰጥቼዋለሁ! እናቱ ከፊት ወንበር ተቀምጠው ሲያጨበጭቡ አይቻቸዋለሁ።

ያን ሌሊት ዕቅዴን አውጥቼ ደጋግሜ አነበብኩት። ሦስቱም ዓላማዎች የሚጀምሩት «ተማሪዎች» ብለው ነው። «ተማሪው» የሚል አንድም ቦታ የለም። ባንዱ ግቡን መትቷል፤ ልጁ ግን ሰባት ወር ሙሉ በባዶ ተቀምጧል።

እዚህ ላይ አርባዎቹ ልጆች ይታወሱኛል። በ1916 ዓ.ም. ራስ ተፈሪ ኢየሩሳሌም ላይ አግኝተው ወደ አዲስ አበባ ያስመጧቸው አርመናውያን ወላጅ አልባ ልጆች ናቸው። መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን የዚያን ዘመን ብሔራዊ መዝሙር ዜማ የደረሰው ነው። ታሪክ እስከ ዛሬ «አርባ ልጆች» እያለ በጅምላ ይጠራቸዋል። ታሪክ ቢል ምንም አይደለም፤ መምህር ግን እንዲህ ሊል አይችልም፤ ከአርባው የአንዱ ከንፈር ቢሰነፍ ማወቅ አለበት።

አሜሪካዊው ሮበርት ሜገር በ1962 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ፣ አንድ ዓላማ ሦስት ነገር ይናገር ይላል፦ ተማሪው ምን ሲያደርግ ይታያል፣ በምን ሁኔታ፣ ምን ያህል አሳምሮ። ይህንን ሳላነብ ቀርቼ አይደለም። ያነበብኩት ግን ለፈተና ነበር።

በሚቀጥለው ዓመት እንዲህ ጻፍኩ፦ ተማሪው ብቻውን ቆሞ፣ አንድ ድምፅ በአንድ ትንፋሽ፣ በሴኮንድ አንድ ምት እየተቆጠረለት፣ ሳይንቀጠቀጥ አሥራ ሁለት ምት ይይዛል። ቀጥዬም፦ ተማሪው ከጎኑ ካለው ጋር አንድ ድምፅ ሲነፋ የራሱ ከፍ ወይም ዝቅ ማለቱን ሰምቶ ይናገራል። ይህኛው በኅዳር ብርድ ጥሩ ልምምድ ሆነልን፤ ጧት የቀዘቀዘ መሣሪያ ድምፁ ዝቅ ይላል፣ ሲሞቅ ከፍ ይላል። የኅብረት ሥራን ያደንቃል የምትለዋን ሰረዝኳትና በምትኩ፦ ተማሪው ዝም በሚልበት ቦታ ምቱን ቆጥሮ ማንም ሳይጠቅሰው በሰዓቱ ይገባል አልኩ። አድናቆቱ ካለ እዚያ ላይ ይታያል፤ ከሌለም ያስታውቃል።

ይህ ሁሉ በነጻ አልመጣም። እያንዳንዱን ልጅ አምስት አምስት ደቂቃ ለብቻው ስሰማ፣ ለሃያው ልጅ መቶ ደቂቃ ሄደ፤ ይህም በየወሩ ነው። በወላጆች ቀን የተሰማው ማርሽ አንድ ብቻ ሆነ። ርእሰ መምህሩ «ምነው፣ ባንዱ ሞተ እንዴ?» አሉኝ። ፊታቸው ላይ አሁን «ጎሽ» የለም። ለወላጆች መልስ የሚሰጡት እሳቸው ናቸውና አልፈርድባቸውም።

ያ ልጅ ይመለሳል ብዬ አልጠበቅኩም ነበር። መስከረም ላይ መጣ። ሌሎቹን አስወጥቼ፣ በር ዘግቼ፣ አስነፋሁት። መጀመሪያ እፍ ብቻ፤ ቀጥሎ እንደ ጥጃ ያለ ድምፅ፤ ከዚያ አራት ምት ያዘ። መዝገቡ ላይ «4» ብዬ ስጽፍ አንገቱን አስግጎ አየኝ። የዚያን ዓመቷን 85 ሲያያት አላስታውስም።

እየመጣ ይቆጥራል። ስድስት፣ ስምንት፣ አንዴም ወደ ኋላ ተመልሶ አምስት። ሰኔ ላይ የመጨረሻው ፈተና ሲሆን አሥራ አንድ ላይ ተሰበረበት። ዓላማው አሥራ ሁለት ስለሚል ግቡን አልደረሰም ብዬ ጻፍኩ፤ እጄ ግን ከብዶኝ ነበር።

እሱ ጎንበስ ብሎ የትራምፔቷን ውሃ መሬት ላይ እያፈሰሰ፣ «ጋሼ፣ አንድ እኮ ነው የቀረኝ» አለኝ።