ግማሹ ደሴ፣ ግማሹ ኮምቦልቻ

ጆን ላውተን በአሜሪካ ቡፋሎ ከተማ፣ በኮርኔል ኤሮኖቲካል ላቦራቶሪ ይሠራ የነበረ የኤሌክትሮኒክስ መሐንዲስ ነው። ላቦራቶሪ ውስጥ ተቀምጦ የሚያብሰለስለው ግን የበረዶ ናዳ ተራራ ላይ ስለሚቀብረው ሰው ነበር። በዚያ ዘመን ናዳ የዋጠውን ሰው ለማግኘት ረጅም ዘንግ በረዶው ውስጥ እየሰኩ መዳሰስ ወይም ውሻ ማሰማራት ግድ ይል ነበር። የተቀበረ ሰው በመጀመሪያው ሩብ ሰዓት ከወጣ አብዛኛውን ጊዜ ይተርፋል። ከዚያ በኋላ ተስፋው በየደቂቃው ይመነምናል። ላውተን እ.ኤ.አ. በ1968 ስካዲ የተባለችውን መሣሪያ ሠራ። ወደ ተራራ የሚወጣ ሁሉ አንድ አንድ ይይዛል፤ መሣሪያዋም ሳታቋርጥ ምልክት ትልካለች። አንዱ ሲቀበር የቀሩት የየራሳቸውን ወደ መቀበያ ይቀይሩና ድምፁ እየጎላ ወደሚሄድበት አቅጣጫ ይሄዳሉ። ዛሬ ዓለም በሙሉ በ457 ኪሎ ኸርዝ የሚጠቀምባቸው የተራራ መፈለጊያዎች የእሷ ልጆች ናቸው።

እኔን የሚያንገበግበኝ መሣሪያዋ እጃችን አለመግባቷ አይደለም። ስካዲ ለእኛ ጭቃ አትሆንም፤ ማሰራጫ ያልያዘን ሰው አታገኝም፤ የእኛ ገበሬ ደግሞ ማሰራጫ ታጥቆ አይተኛም። የሚያንገበግበኝ ሰውየው ነው። ሽቦና ናዳን በአንድ ጭንቅላት የያዘ ሰው እኛም ልናፈራ እንችል ነበር። የዚያ ሰው ግማሹ ደሴ፣ ግማሹ ኮምቦልቻ ተቀምጧል፤ በመካከላቸው ያለው 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ቁልቁለት ብቻ ነው።

ደሴ ላይ ያለው ግማሽ ቃሬዛ ተሸካሚው ነው። የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል በሐምሌ 1927 ዓ.ም. ተቋቋመ፤ አምስት ወር ሳይሞላው፣ ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም.፣ የጣሊያን አውሮፕላኖች ደሴን ሲደበድቡ የቀይ መስቀል ምልክት ያለበትን ሆስፒታል ሳይቀር መቱት። የወሎ ሰው የወደቀን ማንሳት ከዚያ በፊትም ያውቅ ነበር። ከዚያ ወዲህም፣ በድርቁም በጦርነቱም፣ ደጋግሞ አድርጎታል። ጩኸት ሲሰማ ነጠላውን አገልድሞ የሚሮጥ ወጣት ዛሬም በየሠፈሩ አለ። ኮምቦልቻ ላይ ያለው ግማሽ ደግሞ የወሎ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ውስጥ ኤሌክትሪካል ምህንድስና የሚማረው ልጅ ነው። ሴንሰር ያውቃል፣ ሰርኪዩት ይሠራል፣ ፕሮግራም ይጽፋል። ሁለቱ ግን አይተዋወቁም። አንደኛው ፎርሙላውን፣ ሌላኛው ገደሉን ያውቃል።

አገሩ ደግሞ እንዲህ ያለውን ሰው የሚለምን አገር ነው። ደሴ በቶሳና በአዝዋ ገደል መካከል፣ 2,500 ሜትር አካባቢ ላይ ተሰቅላለች፤ መንገዱ የሐረጎን ቁልቁለት እየተጠማዘዘ፣ ብዙ ጊዜም ጉም ውስጥ እየገባ፣ 1,850 ሜትር ገደማ ወዳለችው ኮምቦልቻ ይወርዳል። ክረምት ሲገባ አፈሩ ውኃ ይጠጣል፣ ይከብዳል፣ ይንሸራተታል። የተሰነጠቀ ግድግዳ ለደሴ ሰው አዲስ ነገር አይደለም። በዚህ ላይ ምድሩ ራሱ ይነቃነቃል። በግንቦት 1953 ዓ.ም. ከኮምቦልቻ ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለችውን ካራ ቆሬን የመታው የመሬት መንቀጥቀጥ በአቅራቢያዋ ያለችውን ማጀቴን አፈራርሷታል፤ መሬቱም መንገዱም ተሰነጣጥቀዋል። በአዲስ አበባ የጂኦፊዚክስ ጣቢያን ያቋቋሙት ካናዳዊው ኢየሱሳዊ አባ ፒየር ጉዋን ያንን ነውጥ አጥንተው በመጽሐፍ አኑረውልናል። ከዚያ በኋላ ከስልሳ ዓመት በላይ ነበረን። ስልሳ ዓመት!

ከዚያ ሐምሌ 2016 ዓ.ም. መጣ። እዚህ ወሎ ሳይሆን ደቡብ፣ ጎፋ ዞን፣ ገዜ ጎፋ ወረዳ፣ ኬንቾ ሻቻ ጎዝዲ ቀበሌ ላይ ተራራው ተንዶ ቤቶችን ቀበረ። ጎረቤት ተጠራርቶ ደረሰ። መምህራን መጡ፣ የጤና ባለሙያዎች መጡ፣ የግብርና ባለሙያዎች መጡ፤ ዶማና አካፋ ያለው በዶማና በአካፋ፣ የሌለው በእጁ ይቆፍር ጀመር። እየቆፈሩ ሳለ ተራራው እንደገና ተናደ። ከ220 በላይ ሰው አለቀ፤ ብዙዎቹ ሊያወጡ የሄዱት ነበሩ። ይህን ዜና ባሰብኩ ቁጥር አንጀቴ የሚያርረው እዚች ጋ ነው። የመጀመሪያውን ናዳ እግዜር ያመጣው ነው እንበል። ሁለተኛውስ?

አንድ ናዳ የወረደበት ተራራ ሁለተኛ ሊደግም እንደሚችል የነፍስ አድን ሥራ የተማረ ሁሉ የሚጠብቀው ነገር ነው። ለዚህ የሚሆነው መሣሪያ ሳተላይት አይጠይቅም። ከላይ የተሰነጠቀው መሬት ወዲህና ወዲያ ሁለት ችካል ይተከላል፣ በመካከሉ ቀጭን ሽቦ ይወጠራል፣ ሽቦው ከባትሪና ከሳይረን ጋር ይያያዛል። መሬቱ ሲከፈት ሽቦው ይሳባል ወይም ይበጠሳል፤ ሳይረኑ ይጮኻል፤ ታች የሚቆፍረው ሰው አካፋውን ጥሎ ይሮጣል። ሁሉንም ያድናል አልልም፤ ተራራ አንዳንዴ ለሩጫ ጊዜ አይሰጥም። ግን ለጥቂቶቹ፣ ዳር ዳር ላይ ለነበሩት፣ የግማሽ ደቂቃ ዕድሜ ምን ያህል እንደሆነ ልጆቻቸውን መጠየቅ ነው። ይህንን የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ይሠራዋል። ሽቦው የት መወጠር እንዳለበት ግን መጽሐፍ አይነግረውም፤ ያንን የሚያሳየው በየክረምቱ ስንጥቁን ሲያይ የኖረው የሠፈሩ ሰው ነው። መገናኘት ነበረባቸው።

እኛ ግን አላገናኘናቸውም። በየዩኒቨርሲቲው ስንት የመመረቂያ ፕሮጀክት ተሠርቶ፣ ተጨብጭቦለት፣ መደርደሪያ ላይ አቧራ ጠጥቷል! በየከተማው ስንት በጎ ፈቃደኛ ቬስት ለብሶ ሰልፍ ወጥቷል! ገንዘብ አጣን እንዳንል ሽቦና ባትሪ ነው። ባለሙያ አጣን እንዳንል በየዓመቱ እናስመርቃለን፤ የተመረቀውም ሥራ አጥቶ ሞባይል ሲጠግን እናየዋለን። ፈቃደኛ አጣን ማለት ደግሞ ጎፋ ላይ የወደቁትን መድፈር ነው። ሁሉም ነበረን። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዳይባል እንኳ፣ ጅቡ ከሄደ በኋላም አልጮኽንም፤ ሐዘን ተቀመጥን፣ ብርድ ልብስና ዱቄት ላክን፣ ወደየሥራችን ተመለስን።

ከዚያ ወዲህ ሌላ ክረምት አልፏል። ሐረጎን ስወጣና ስወርድ ዳገቱን አያለሁ፤ እስካሁን የተወጠረ ሽቦ አላየሁም።