የሰማሁት ቃል ምንን ያስረዳል?

የሕግ ተማሪ ሳለሁ አክስቴ ለክርክራቸው ምስክር አድርገው ቆጠሩኝ። ታላቅ ወንድማቸውን ለዓመታት ያስታመሙት እርሳቸው ነበሩ፤ በግቢው ጓሮም በገዛ ገንዘባቸው ሁለት ክፍል ሠርተው ይኖሩ ነበር። አንድ የፋሲካ ምሽት አጎቴ በዘመድ ፊት፣ «ይህ ቤት የእኅቴ ነው፤ የጓሮውንም ክፍል ስትሠራ መሠረቱ የሚቆፈርበትን ያሳየሁት እኔው ነኝ» ሲሉ ሰምቻለሁ። እርሳቸው ሲያርፉ ልጆቻቸው አክስቴ ግቢውን እንዲለቁ ከሰሱ።

ፍርድ ቤቱ ስጦታው በጽሑፍ አለመሆኑን ካረጋገጠ በኋላ ምስክር መስማት አያስፈልግም ሲል ወሰነ። ያን ጊዜ በደል መሰለኝ። ዛሬ ግን ከነገሩ ግማሹ ትክክል እንደ ነበር አምናለሁ።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2443 የማይንቀሳቀስ ንብረት ስጦታ በግልጽ በሚደረግ ኑዛዜ አኳኋን ካልተደረገ ዋጋ እንደሌለው ይደነግጋል። ቁጥር 2003 ደግሞ ሕጉ ጽሑፍ ለሚጠይቀው ውል የሰው ምስክር እንዳይቀርብ ይከለክላል፤ በዚሁ ቁጥር መሠረት ምስክር የሚሰማው ሰነዱ መጥፋቱ፣ መሰረቁ ወይም መበላሸቱ ሲረጋገጥ ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ተናጋሪው አርፈዋል፣ ሰሚዎቹም ወገን ያላቸው ዘመዶች ናቸው። አበው «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ያሉት ይህንኑ ነው።

ሁለተኛው ግማሽ ግን ሌላ ነው። ቁጥር 1179 በሌላ ሰው መሬት ላይ ባለመሬቱ ሳይቃወም ሕንፃ የሠራ ሰው የሕንፃው ባለቤት እንደሚሆን ይናገራል። አለመቃወም ውል አይደለም፤ በዓይን የሚታይ፣ በጆሮ የሚሰማ ፍሬ ነገር ነው፤ ሕጉም ጽሑፍ አይጠይቅበትም። ስለዚህ ያው የፋሲካ ንግግር ዋናውን ቤት ለማስተላለፍ አቅም ባይኖረውም፣ የጓሮው ክፍል በአጎቴ ዕውቀትና ፈቃድ መሠራቱን ሊያስረዳ ይችል ነበር። የመከላከያ መልሱ ግን ስጦታን ብቻ አነሣ፤ የጓሮው ክፍል ጭብጥ ሆኖ አልተያዘም። አክስቴ ሁለቱንም አጡ።

የሚቆጨኝ የራሴ ድርሻ ነው። ጠበቃው የሰማሁትን ሲጠይቀኝ «ይህ ቤት የእኅቴ ነው» የሚለውን ብቻ ነገርሁት፤ ስለ መሠረቱ የተባለው ከቁም ነገር አልገባልኝም ነበር።

የተጠቃለለ የማስረጃ ሕግ በሌለበት አገራችን ይህን የመለየት ሸክም የሚወድቀው በአቤቱታ አርቃቂው ላይ ነው። ስለዚህ ቀድሞ የተነገረ ቃል በንብረት ክርክር ሲነሣ፣ «ተቀባይነት አለውን?» ከማለታችን በፊት «የቀረበው ምንን ለማስረዳት ነው?» ብለን እንጠይቅ።