ግሪሉን ማን ይግጠመው?

«የቤት ሥራ» ሲባል አብዛኞቻችን የምናስበው ምጣዱን፣ ድስቱን፣ መጥረጊያውንና የልብስ ማጠቢያ ሳፋውን ነው። በግቢው ጥግ የቆመችው መኪና ግን ቀለቧ የሚወጣው ከዚያው ከቤተሰቡ ገቢ ቢሆንም ከቤቱ ጣጣ አትቆጠርም። እርሷ የአባወራው ናት፤ እርሱ ካልቻለ ደግሞ የጋራዡ ናት። ውድ አንባብያን፣ እናንተም ይህን ልማድ በየቤታችሁ ሳታውቁት አትቀሩም። ዛሬ ላጫውታችሁ የፈለግሁት ስለዚሁ ልማድ ሲሆን፣ ምሳሌ የማደርገውም አንድ ቀላል ሥራ ነው፤ ይኸውም የትንሽ መኪናን የፊት ግሪል በቤት ውስጥ መቀየር ነው።

ግሪል የሚባለው በመኪናዋ ፊት፣ በሁለቱ መብራቶች መካከል የሚታየው ወንፊት መሰል ክፍል ነው። ለጌጥ የተቀመጠ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ዋና ተግባሩ ግን መኪናዋን ማስተንፈስ ነው። ነፋስ በእርሱ በኩል ገብቶ ራዲያተሩን ያቀዘቅዛል፤ በራዲያተሩ ውስጥ የሚዞረው ውሃም የሞተሩን ሙቀት ተሸክሞ የሚያወጣው በዚህ ምክንያት ነው። ከዚህም ሌላ ከመንገድ የሚፈናጠር ጠጠር ራዲያተሩን እንዳይመታው ይከላከላል።

የእኛዋ መኪና ቪትዝ ናት። ቶዮታ ለገበያ ያቀረባት በ1991 ዓ.ም. ሲሆን፣ ቅርጿ በ1997 እና በ2003 ዓ.ም. ተለውጧል። በ2012 ዓ.ም. በጃፓንም ስሟ ቀርቶ ያሪስ ተብላለች፤ በአዲስ አበባ ግን ያው ቪትዝ ናት። በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም. ከተወሰነ ወዲህ ደግሞ ያለችውን ጠግኖ መያዝ የብዙ ቤተሰብ ጉዳይ ሆኗል።

ባለቤቴ ስትሮክ መትቶት ቀኝ እጁ ከከዳው ሁለት ዓመት አልፎታል። ቀድሞ ዘይት መቀየሩን፣ ካንዴላ ማጽዳቱን፣ ጎማ መፍታቱን ሁሉ ብቻውን ይሠራው ነበር፤ የእኛ ድርሻ ቡና ማቅረብ ነበር። ከታመመ በኋላ ግን መኪናዋ ወደቆመችበት ጥግ መውጣት ተወ። ኮፈኑ ተከፍቶ ሌላ ሰው ሲነካካው ማየት አልፈለገም። እኔም ሁኔታው ገብቶኝ ዝም እል ነበር።

ታዲያ አንድ ቀን በቆመችበት አንድ መኪና ወደ ኋላ ሲመለስ ገጨኝና ግሪሉ ተሰባበረ። ፓራውልቱ ተርፏል። ጋራዥ ብንጠይቅ የእጅ ዋጋው ከዕቃው ዋጋ በለጠ። የ11ኛ ክፍል ተማሪዋ ልጄ፣ «እማዬ፣ አባዬ ይንገረንና እኛ እንሥራው» አለችኝ። እኔን ያሳሰበኝ የብሎኑ ነገር አልነበረም። ያሳሰበኝ የአባትየው ልብ ነበር። እርሱ ይሠራው የነበረውን ሥራ በፊቱ ስንሠራ ቢያየን «ከእንግዲህ አታስፈልግም» ያልነው ይመስለው ይሆን? አንባብያን ሆይ፣ በሽተኛ ያስታመመች ሴት ይህን ሥጋት ታውቀዋለች።

ብንነግረው ጥቂት ዝም ብሎ ቆየና፣ «ሶማሌ ተራ ስትሄዱ የተሰበረውን ይዛችሁ ሂዱ። ማብረቅረቁን አትዩ፤ ቀዳዳውን እዩ» አለን።

ነገሩ እውነት ነበር። ከፋብሪካው ውጭ ከተሠሩት ምትክ ግሪሎች ሁለት ዓይነት ቀረበልን። አንደኛው እንደ መስተዋት የሚያበራ፣ ቀዳዳው ግን ጥቅጥቅ ያለ ነው። ሁለተኛው ተራ ጥቁር፣ ቀዳዳው ሰፋ ያለ ነው። ዱቄት የነፋች ሴት ልዩነቱን ለመረዳት መካኒክ መሆን አያሻትም፤ የወንፊቱ ዓይን በጠበበ መጠን የሚያልፈው ያንሳል። አዲስ አበባ ደግሞ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ አየሯ ስስ ነው። በድስት የምንጥደው ውሃ እንኳ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። ስስ አየር የሚሸከመው ሙቀትም አነስተኛ ነው። ከጎሃ ጽዮን ወደ አባይ በረሃ ወርዶ በደጀን በኩል ዳገቱን በሙቀት የሚወጣ ሰው ትንፋሿ የታፈነ መኪና ምን እንደምትሆን ያውቀዋል። ስለዚህ ጥቁሩን ገዛን። ከመግዛታችን በፊት ከተሰበረው ጋር ጎን ለጎን አድርገን መንጠቆዎቹን አንድ በአንድ አስተያየናቸው። የአንዱ ዘመን ቪትዝ ግሪል ለሌላው አይገጥምምና እናንተም ይህን አትዝለሉት።

ሥራውን እንዲህ ሠራነው። በቅድሚያ ሞተሩ ፈጽሞ እስኪቀዘቅዝ ጠበቅን። ትኩስ የራዲያተር ክዳን በፍጹም አይከፈትም። የራዲያተሩ ማራገቢያም ሳይታሰብ ሊነሳ ስለሚችል ቁልፉን አውጥተን የባትሪውን ኔጋቲቭ ገመድ ፈታን። በእኛዋ መኪና ግሪሉ ከፓራውልቱ ጋር ተያይዞ ስለሚቀመጥ ፓራውልቱ መውረድ ነበረበት። ከላይ፣ ከሥርና ከጎማዎቹ በኩል ያሉትን ማሰሪያዎች በካቻቢቴና በ10 ቁልፍ ፈታን። ቀለሙ እንዳይፋቅ ጠርዙን በወረቀት ፕላስተር ሸፍነን፣ እኔ በአንድ ጎን ልጄ በሌላው ሆነን ሳብነውና አሮጌ ብርድ ልብስ ላይ አስተኛነው። ይህ ሥራ ሁለት ሰው ይፈልጋል፤ ብቻችሁን አትሞክሩት።

ባለቤቴ በርጩማ ላይ ተቀምጦ በግራ እጁ ጎድጓዳ ሳህን ይዞ ነበር። የምንፈታውን ሁሉ እየተቀበለ የላዩን ለብቻ፣ የሥሩን ለብቻ ይለይ ነበር። ረጅሙ ብሎን በአጭሩ ቦታ እንዳይገባ የጠበቀልን እርሱ ነው። አዲሱን ግሪል ወዲያው አላስገጠመንም፤ በመጀመሪያ አስጠግተን እንድንለካው አደረገ። አንደኛው መንጠቆ ጥቂት ወፈር ያለ ስለነበር በሞረድ ቀስ እያልን አሳሳነው። ማለዳው ቀዝቃዛ ስለነበርም ፕላስቲኩ እንዲለዝብ ግማሽ ሰዓት ያህል ፀሐይ ላይ አቆየነው። የመጨረሻው መንጠቆ እምቢ ሲል ልጄ በጡጫዋ ልትመታው ስትቃጣ፣ «አትምቺው ልጄ፤ ጠቅ እስኪል በመዳፍሽ ግፊው» አላት። ገፋችው፤ ጠቅ አለ።

ከገጠማችሁ በኋላ ሁለት ነገር ሳታረጋግጡ መንገድ አትውጡ። አንደኛ፣ ኮፈኑን ደጋግማችሁ ክፈቱና ዝጉ። ግሪሉ መቆለፊያውን ከነካው ኮፈኑ በጉዞ ላይ ተነሥቶ ዓይናችሁን ሊጋርድ ይችላል። ሁለተኛ፣ ሞተሩን አስነሥታችሁ ማራገቢያው ራሱ ተነሥቶ እስኪቆም ጠብቁ፤ ቀዩ የሙቀት መብራት አለመብራቱንም ተመልከቱ። ፍሬንና መሪን የመሰለውን ሥራ ግን ለባለሙያው ተዉት፤ እርሱ የቤት መለማመጃ አይደለም።

ከዚያ ቀን ወዲህ በየሳምንቱ እሑድ ጠዋት ባለቤቴ ወደ መኪናዋ ይወጣል። የዘይት መለኪያውን ዘንግ የምትስብለት ልጄ ናት፤ አንብቦ የሚፈርደው እርሱ ነው። እጁ አልተመለሰም። ነገር ግን በቤቱ ውስጥ የሚጠየቅበት ጉዳይ ተመልሶለታል።

ውድ አንባብያን፣ በየቤታችን የሚያውቀውና የሚችለው ሁልጊዜ አንድ ሰው አይደለም። እውቀት ያለው እጁ ይደክማል፤ ጉልበት ያለው ያላየውን አያውቅም። ሥራውን «የወንድ» ወይም «የሴት» ብለን ከከፈልነው ግን ሁለቱ ሳይገናኙ ይቀራሉ፤ አዋቂው ሲታመም እውቀቱም አብሮት አልጋ ይይዛል። ስለዚህ እናቶች፣ ሴት ልጃችሁን ቁልፍ አቀብላ እንድትመለስ ብቻ ሳይሆን ቆማ እንድታይ አድርጉ። ወንድ ልጃችሁንም ሊጡ ሲቦካ ከአጠገባችሁ አቁሙት። አባቶችም እጃችሁ ሳይደክም አሳዩ፤ ከደከመም በርጩማችሁን ይዛችሁ ውጡና ንገሩ።