የሰማይ ቦቴ

ከበርሚንግሃም ወደ ሽሩስበሪ የሚሄደው ባቡር ዎልቨርሃምፕተንን ካለፈ በኋላ የፋብሪካው ሰፈር እየሳሳ፣ አረንጓዴው መስክ እየሰፋ ይመጣል። ብዙም ሳይቆይ ኮስፈርድ በምትባል ትንሽ ጣቢያ ይቆማል። ከዚያ ወርዶ ጥቂት በእግሩ የተጓዘ መንገደኛ የብሪታንያ ንጉሣዊ አየር ኃይል ሙዚየም ደጃፍ ይደርሳል። የመግቢያ ክፍያ የለም። እኔን ወደዚያ የሳበኝ አንድ አውሮፕላን ነው፤ ዕድሜውን በሰማይ ላይ ለሌሎች አውሮፕላኖች ነዳጅ ሲያቀብል ኖሮ በጡረታ የተሰናበተ አውሮፕላን። (በዚህ ማስታወሻ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የቀዝቃዛው ጦርነት አዳራሽ በ2007 የተከፈተ፣ ጣሪያው ሹል ሆኖ ከሩቅ የሚያብረቀርቅ ሕንፃ ነው። ወደ ውስጥ ሲገቡ ዓይን የሚያርፍበት ያጣል። ተዋጊ ጄቶች ከጣሪያው ተንጠልጥለዋል፤ ላይትኒንግ የሚባለው ተዋጊ አፍንጫውን ወደ ሰማይ አቅንቶ ቀጥ ብሎ ተሰቅሏል። ብሪታንያ በ1950ዎቹ የኒውክሌር ቦምብ እንዲሸከሙላት የሠራቻቸው ሦስቱ ትላልቅ ቦምብ ጣዮች፣ ቫሊያንት፣ ቫልካንና ቪክተር፣ እዚህ በአንድ ጣሪያ ሥር ይገኛሉ። ሦስቱን ባንድ ላይ ማየት የሚቻልበት ሌላ ቦታ በዓለም የለም።

ብዙው ጎብኚ ቫልካን ጋ ይሰበሰባል። ሰፊ ባለሦስት ማዕዘን ክንፉ ያምራል፤ ዝናውም ትልቅ ነው። እኔ የመጣሁት ግን ለቪክተር ነበር።

የቪክተር መልክ ሌላ ነው። አፍንጫው ወደ ታች ያበጠ፣ ጅራቱ ከፍ ብሎ አናቱ ላይ አግድም ክንፍ የተሸከመ፣ ዋናው ክንፉ ደግሞ እንደ ጨረቃ የጎበጠ ነው። ሃንድሌይ ፔጅ የተባለው ኩባንያ መሐንዲሶች ክንፉን እንዲህ ያጎበጡት አውሮፕላኑ ከግንዱ እስከ ጫፉ ድረስ ከፍተኛ ፍጥነትን እኩል እንዲቋቋም ብለው ነው። የመጀመሪያው ቪክተር የበረረው በ1952 በገና ዋዜማ ነበር። ኮስፈርድ ያለው መለያ ቁጥሩ ኤክስኤች 672 ሲሆን፣ አፍንጫው ላይ የተጻፈለት የቁልምጫ ስም “ሜይድ ማሪያን” ነው፤ በእንግሊዞች ተረት የሮቢን ሁድ ወዳጅ ስም። ስሙ የሴት ስለሆነ እኔም ከዚህ በኋላ እንደ ሴት እጠራታለሁ።

ከማሪያን ሆድ ሥር ገብቶ ሽቅብ ማየት ያስፈልጋል። የኒውክሌር ቦምብ ሊቀመጥበት ታስቦ በተሠራው ሆድ ውስጥ የተተከለው የነዳጅ ታንክ ነው። ከበስተኋላው የተጠቀለለ ረጅም የነዳጅ ጎማ የያዘ ክፍል አለ። በሁለቱ ክንፎች ሥር ደግሞ አንድ አንድ ተጨማሪ ጎማ የያዙ ሞላላ ዕቃዎች ተንጠልጥለዋል። ከአብራሪዎቹ መስኮት በላይ ወደ ፊት የተቀሰረ ቀጭን ቱቦ ይታያል፤ እርሷም በተራዋ ከሌላ አውሮፕላን የምትቀዳበት ነው። ማሪያን ትሰጣለች፣ ትቀበላለችም። ይህን ልብ ያላለ ሰው ወደ በኋላ የምነግረው ታሪክ አይገባውም።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ነዳጅ ሰጪዋ በረራዋን አስተካክላ የሆዷን ጎማ ወደ ኋላ ትለቃለች፤ ርዝመቱ ሃያ አራት ሜትር ገደማ ነው። በጎማው ጫፍ አብራሪዎቹ “ቅርጫት” የሚሉት ክብ አፍ አለ። ተቀባዩ ከኋላና ከታች ሆኖ ቱቦውን ወደ ቅርጫቱ ያነጣጥራል። የሚቀርበው ከሰጪዋ ፍጥነት በሰዓት ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ብቻ ጨምሮ ነው፤ ሁለቱም ግን በሰዓት በመቶዎች በሚቆጠር ኪሎ ሜትር እየበረሩ ነው። በጣም ከዘገየ ቫልቩ አይከፈትም። በጣም ከፈጠነ ጎማው እንደ ማዕበል ይገረፍና የቱቦውን ጫፍ ይሰብራል። ከጎማው ክፍል ላይ መብራት አለ፦ ቀይ ራቅ ማለት ነው፣ ቢጫ ግባ ማለት ነው፣ አረንጓዴ ሲበራ ነዳጁ እየፈሰሰ ነው። ይህ ሁሉ በጨለማም፣ በደመና ውስጥም፣ የሬዲዮ ድምፅ ሳይሰማ ይደረጋል።

ለምን ይህን ያህል ጣጣ? ከባድ አውሮፕላን ሲነሣ ትልቁ ሸክሙ ራሱ ነዳጁ ነው። ይህን እኛ በቅርብ እናውቀዋለን። ቦሌ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነ፣ አየሩም ስስ በመሆኑ፣ ከአዲስ አበባ ወደ ዋሽንግተን የሚሄደው አውሮፕላን ታንኩን ሞልቶ መነሣት ስለሚከብደው ለዓመታት በመንገዱ አርፎ ነዳጅ ሲቀዳ ኖሯል፤ ሲመለስ ግን በቀጥታ ይበራል። መንገደኛ አውሮፕላን ደብሊን ወይም ሎሜ ማረፍ ይችላል። በውቅያኖስ መካከል የሚበር የጦር አውሮፕላን ግን ማረፊያ ስለሌለው ማደያው ራሱ ወደ እርሱ መምጣት አለበት።

ሐሳቡ አሮጌ ነው። በ1923 በካሊፎርኒያ ሳን ዲዬጎ ሎዌል ስሚዝና ጆን ሪችተር የተባሉ አሜሪካውያን በባለ ድርብ ክንፍ አውሮፕላን እየበረሩ፣ ከበላያቸው ካለ ሌላ አውሮፕላን በወረደ ጎማ ነዳጅ ተቀብለዋል፤ ጎማውንም ሰው በእጁ ይይዘው ነበር። በኋላ እንግሊዛዊው አላን ኮብሃም ኩባንያ አቋቁሞ ነገሩን ለዕለት ተዕለት ሥራ እንዲበቃ አደረገው። ዛሬ ማሪያን ሥር የሚታየው የጎማና የቅርጫት ዘዴ በ1940ዎቹ መጨረሻ ከእርሱ ኩባንያ የወጣ ነው።

ቪክተር ወደዚህ ሥራ የመጣው በአጋጣሚ ነው። ማሪያን ወጣት ሳለች ከከፍታ ፎቶ የምታነሣ የስለላ አውሮፕላን ነበረች። ቀደም ሲል ነዳጅ የማቀበሉን ሥራ የያዘው ቫሊያንት በ1964 ክንፉ በድካም መሰንጠቁ ታወቀና በሚቀጥለው ዓመት መጀመሪያ ሙሉ በሙሉ ከበረራ ታገደ። አየር ኃይሉ በድንገት ያለ ማደያ ቀረ። ቪክተሮች በጥድፊያ ወደ ነዳጅ አቅራቢነት ተለወጡ። ሃንድሌይ ፔጅ በ1970 ሲከስር የቀሩትን 24 አውሮፕላኖች የቀየራቸው ተፎካካሪው ኩባንያ ነበር፤ ማሪያንም ከእነዚያ አንዷ ናት። ሰው ለማጥፋት የተሠራ ሆድ መንገድ ለማስረዘም ዋለ።

አምስት ሰው ይሳፈርባት ነበር። ሁለቱ አብራሪዎች በአደጋ ጊዜ ወደ ውጭ የሚያስወነጭፍ ወንበር አላቸው። ከኋላቸው ጀርባቸውን ለበረራው አቅጣጫ ሰጥተው የሚቀመጡት ሦስቱ፣ ሁለቱ የአቅጣጫ መኮንኖችና የኤሌክትሮኒክስ መኮንኑ፣ እንዲህ ያለ ወንበር የላቸውም። አደጋ ቢደርስ በበሩ በኩል ተንፏቀው መውጣት ነበረባቸው። ይህን ሁሉም ያውቅ ነበር፤ አውቀውም ለዓመታት ይሳፈሩ ነበር።

የቪክተር ስም ከቫልካን ስም ጋር የተቆራኘው በ1982 ነው። በዚያ ዓመት በኤፕሪል መጀመሪያ አርጀንቲና፣ እርሷ ማልቪናስ፣ እንግሊዞች ፎክላንድ የሚሏቸውን ደሴቶች ያዘች። ብሪታንያ በደሴቶቹ ዋና ከተማ በስታንሊ ያለውን የአውሮፕላን ማኮብኮቢያ ለመምታት ወሰነች። ብሪታንያ ለደሴቶቹ ቅርብ የነበራት የጦር ሰፈር በአትላንቲክ መካከል ያለችው የአሴንሽን ደሴት ናት፤ ከስታንሊ 6,300 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች። ቫልካን ይህን መንገድ በራሱ ነዳጅ ደርሶ መመለስ አይችልም።

በኤፕሪል 30 ሌሊት ሁለት ቫልካኖችና አሥራ አንድ ቪክተሮች እየተከታተሉ ተነሡ። ስሌቱ ይህ ነበር፦ ቪክተሮቹ ለቫልካኑ ብቻ ሳይሆን እርስ በርሳቸውም ይቀዳሉ፤ የሰጠው እየተመለሰ፣ የተቀበለው እየቀጠለ፣ ቁጥራቸው ወደ ደቡብ በተጓዙ መጠን ይመነምናል። መጨረሻ ላይ አንድ ቪክተርና አንድ ቫልካን ብቻ ይቀራሉ። ገና ከጅምሩ መሪው ቫልካን የመስኮቱ ማሸጊያ እምቢ ብሎት ተመለሰ፤ በማርቲን ዊዘርስ የሚበረው ተጠባባቂ ተተካ።

ወደ መጨረሻው ሁለት ቪክተሮች ቀርተው ሳለ ማዕበል ውስጥ ገቡ። አንደኛው ከሌላው ነዳጅ ሲቀበል ጎማው ተወራጨና የተቀባዩ ቱቦ ተሰበረ። ቱቦው የተሰበረው ቪክተር እስከ መጨረሻው እንዲሄድ የታቀደው ነበር። ቦብ ታክስፈርድ የሚያበርረው ሰጪ ቦታውን ለወጠ፤ የሰጠውን ነዳጅ መልሶ ተቀበለና ጉዞውን ቀጠለ። ግን ቅርጫቱ ውስጥ የተሰበረው ጫፍ ቀርቶ ይሆን? ከሆነ ቫልካኑ መቀዳት አይችልም። ቫልካኑ ከኋላ ተጠግቶ የእጅ ባትሪ ወደ ቅርጫቱ አበራ። ከዚያ በሙከራ ጥቂት ነዳጅ ቀዳ፤ ፈሰሰለት።

የመጨረሻው ማቀበያ ሰዓት ሲደርስ ሒሳቡ አልገጠመም። ነዳጁ ለሁለቱም አይበቃም። ታክስፈርድ ቫልካኑ ወደ ስታንሊ እንዲደርስ የሚያስፈልገውን ከሰጠ የእርሱ ቪክተር ከአሴንሽን በመቶዎች ኪሎ ሜትር ቀድሞ ባሕር ላይ ይወድቃል። ካልሰጠ የሌሊቱ ልፋት ሁሉ ከንቱ ነው። አራቱን ባልደረቦቹን አንድ በአንድ ጠየቃቸው። ሁሉም ስጥ አሉት። ሰጠ።

ከዚያ በኋላ ያለው ሰዓት ነው እኔን እስካሁን የሚከብደኝ። ወደ አሴንሽን ዞረው እየበረሩ ነዳጅ ይዞ የሚቀበላቸው አውሮፕላን እንዲላክ መጠየቅ አልቻሉም፤ ሬዲዮ ቢከፍቱ ቫልካኑ ሊጋለጥ ይችላል። “ሱፐርፊውዝ” የሚለው የምሥጢር ቃል እስኪሰማ፣ ማለትም ቦምቡ ወድቆ ቫልካኑ እስኪርቅ ድረስ፣ አምስቱ ሰዎች ዝም ብለው እያለቀ ወዳለው ነዳጃቸው እያዩ ተጓዙ። ጀርባቸውን ለመንገዱ ከሰጡት ከሦስቱ መኮንኖች አንዳቸውም የሚያስወነጭፍ ወንበር አልነበራቸውም። ቃሉ ሲሰማ ጠሩ፤ ከአሴንሽን ሌላ ቪክተር ተነሥቶ አገኛቸውና ቀዱ፤ በሰላም አረፉ።

ቫልካኑ ሃያ አንድ ቦምብ ጥሎ አንዱ ብቻ ማኮብኮቢያውን መካከሉ ላይ መታው። የጦር ታሪክ ጸሐፊዎች የዚያ ጥቃት ጥቅም ምን ያህል እንደነበር እስካሁን ይከራከራሉ። ጦርነቱ 649 አርጀንቲናውያንን፣ 255 የብሪታንያ ወታደሮችንና ሦስት የደሴቱን ነዋሪዎች ፈጅቶ አበቃ። የእነዚያን ሙታን ቁጥር ሳያነሡ ስለዚያ ሌሊት ብቃት ብቻ ማውራት ትክክል አይመስለኝም። ዊዘርስ የላቀ የበረራ መስቀል፣ ታክስፈርድ የአየር ኃይል መስቀል ተሸለሙ። ታክስፈርድ ያበረረው ቪክተር ግን ለሙዚየም ሳይበቃ ተበጣጥሷል። ስለዚህ ማሪያን የቆመችው ለራሷ ብቻ ሳይሆን ስለ እርሱም ነው።

ቪክተሮች በ1991 በባህረ ሰላጤው ጦርነት ለተዋጊ ጄቶች ሲያቀብሉ ዋሉ፤ ማሪያን የአፍንጫ ስሟን ያገኘችው ከዚያ ዘመን ነው። በ1993 ኦክቶበር የመጨረሻው የቪክተር ጓድ ተበተነ። በኖቬምበር መጨረሻ ማሪያን ወደ ሾበሪ የአየር ሰፈር በረረች፤ ያ የዓይነቷ የመጨረሻ የአየር ኃይል በረራ ሆነ። ከዚያ ተፈታትታ በመኪና ወደ ኮስፈርድ መጣች።

ከአዳራሹ ስወጣ ሜዳው ላይ የቆመ ሄርኩለስ የተባለ የጭነት አውሮፕላን አየሁ። በ1984 እና በ1985 የብሪታንያ አየር ኃይል እንዲህ ዓይነት ሄርኩለሶችን ወደ አገራችን ልኮ ነበር፤ መኪና በማይደርስባቸው ደጋማ ቦታዎች ላይ ዝቅ ብለው እየበረሩ ለረሃብ የተጋለጠው ወገናችን ዘንድ እህል ይጥሉ ነበር። በዚያ ዘመን የተረፈ ወላጅ ያለው ኢትዮጵያዊ እዚያ ሜዳ ላይ ሳይቆም ማለፍ አይችልም። እኔም ቆምኩ። የአቀባይ አውሮፕላን ዋጋ ሳስብ የዋልኩት በከንቱ እንዳልነበረ ይበልጥ ገባኝ።

የዓለም ሙዚየሞች የሚያደምቁት የሚመታውን፣ የሚፈጥነውን፣ የሚያንጎደጉደውን ነው። አቀባዩ ከጎን ይቀመጣል፤ መግለጫውም አጭር ነው። ይህ ሊታረም ይገባል። በዚያች የኤፕሪል ሌሊት አንድ ቫልካን ከስታንሊ በላይ የደረሰው ከኋላው በዝርዝር የማይጠሩ ብዙ ሰዎች ድርሻቸውን ሰጥተው ስለተመለሱ፣ የመጨረሻዎቹ አምስት ደግሞ የራሳቸውን መመለሻ ስለሰጡ ነው። እንግሊዝ አገር የምትኖሩ ወገኖች ልጆቻችሁን ይዛችሁ ኮስፈርድ ከሄዳችሁ ቫልካኑን አሳዩአቸው፤ ግን በዚያ አትመለሱ። ከቪክተር ሆድ ሥር አቁማችሁ ጎማውን አሳዩና ነዳጁን ማን ለማን እንደሰጠ ንገሯቸው።