አዲሷ ዶቅዶቄዬ፦ ከኦሮራ እስከ ጓኔላ ተራራ

አብዛኞቻችሁ የምታውቁኝ ሽርጥ አስሬ «ክትፎው ጥሬ ይሁን ለብለብ?» እያልኩ ስጠይቃችሁ ነው። ዛሬ ግን ወሬዬ ስለ ምግብ አይደለም። በ54 ዓመቴ አዲስ ሞተር ሳይክል ገዛሁ። «ሰውዬው አብዷል እንዴ?» ያላችሁ ካላችሁ አልቀየማችሁም፤ ባለቤቴም ያለችው ይህንኑ ነው።

ነገሩ የጀመረው ደብረ ሲና ነው። ያደግሁት እዚያ ነው። ልጅ ሆኜ አንድ የግብርና ሠራተኛ ሞተር ነበረው፤ እኛ «ዶቅዶቄ» ነበር የምንላት። ከጣርማበር ዋሻ ወዲህ፣ ያንን ጠመዝማዛ ቁልቁለት ስትወርድ ድምፅዋ ገና ከሩቅ ይሰማል። እናቴ ከመንገድ ዳር ቆሎዋን እየሸጠች «ና ወደዚህ!» ስትል፣ እኔ ጭሱ ውስጥ ገብቼ ከኋላዋ እሮጣለሁ። አንድ ቀን ሰውዬው ከፊቱ፣ ታንከሩ ላይ አስቀምጦኝ ከገበያው እስከ ትምህርት ቤቱ ወሰደኝ። ሄልሜት የለ፣ ጫማ የለ። እናቴ ቤት ስገባ ገረፈችኝ፤ እኔ ግን ያን ቀን ዝንት ዓለም አልረሳሁትም።

ከዚያ አሜሪካ መጣሁ። መጀመሪያ ሁለት ሥራ፣ ቀጥሎ ሬስቶራንት። ሬስቶራንት ያላችሁ ታውቁታላችሁ፤ ሰኞ ካልዘጋችሁ በስተቀር እረፍት የሚባል ነገር የለም። ላለፉት አራት ዓመታት ሰኞ ሰኞ አንዲት አሮጌ 400 ሲሲ ሞተር ኦሮራ ውስጥ እነዳ ነበር። ባለፈው ዓመት የሬስቶራንቱ የባንክ ብድር ተከፍሎ አለቀ። ያኔ ነው የልጅነቱ ነገር የተነሳብኝ።

ባለቤቴ ሁለት ሳምንት አኮረፈች። በመጨረሻ እንዲህ አለችኝ፦ «እሺ፣ ግዛ። ግን አንድ ቃል ግባልኝ። መንገድ ላይ የገጠመህን ሁሉ ጃኬትህን ሳታወልቅ ትነግረኛለህ። ከሰው እንዳልሰማ።» ቃል ገባሁ። ቃል መግባት ምን ችግር አለው?

የገዛኋት ሱዙኪ ጂ.ኤስ.ኤክስ-ኤስ 1000 ጂቲ ፕላስ ነች። እንዲህ ዓይነቶቹን «ስፖርት ቱሪንግ» ይሏቸዋል። የሩጫ ሞተር ጉልበት አላቸው፣ ግን ሻንጣ ጭነው ረጅም መንገድ ለመሄድ የተሠሩ ናቸው። የእኔዋ ባለ 4 ሲሊንደር፣ 999 ሲሲ፣ 150 የፈረስ ጉልበት ገደማ ነች። ሞተሩ የመጣው ሱዙኪ በ2005 ካወጣት የሩጫ ሞተር ሳይክል ነው። ነዳጅ ተሞልታ፣ የጎን ሳጥኖቿ ሳይጨመሩ 226 ኪሎ ትመዝናለች። ይኸ ማለት ከሁለት ኩንታል ጤፍ በላይ ማለት ነው። ታንከሯ 19 ሊትር ይይዛል፣ አምስት ጋሎን መሆኑ ነው።

ምን ልበላችሁ፣ መጀመሪያ የገረመኝ ፍጥነቷ ሳይሆን ጨዋነቷ ነው። በሀቫና ጎዳና ከመብራት መብራት ስትሄድ እንደ በግ ናት። ፍሪሲዮኑ ለስላሳ ነው። ከተነሳች በኋላ ፍሪሲዮን ሳይያዝ በእግር ብቻ ማርሽ መጨመርም መቀነስም ይቻላል። ሦስት የአነዳድ ምርጫ አላት፤ ኤ፣ ቢ እና ሲ። ሲ ላይ ሲሆን ጉልበቱ ቀስ ብሎ ይመጣል፣ ኤ ላይ ሲሆን ወዲያው ከተፍ ይላል። እኔ ሲ ላይ አድርጌ ተውኩት። ረጅም መንገድ ላይ እጅ እንዳይደክም ክሩዝ ኮንትሮል አላት። መቀመጫዋ 81 ሳንቲ ሜትር ከፍታ አለው፤ ለእኔ እግር በቃ ልክ ነው። ከፊቷ ያለው የነፋስ መከላከያ በቁልፍ ከፍና ዝቅ የሚል አይደለም፤ እኔ ደግሞ አንገቴ ረጅም ስለሆነ ሀይዌይ ላይ ነፋሱ ሄልሜቴን ይመታኛል። ወገቤ ግን አልጮኸም።

የጁን የመጀመሪያው ሰኞ ፀሐይ ስትወጣ ተነሳሁ። ከመነሳቴ በፊት ጎማ፣ ፍሬን፣ ካቴና፣ ዘይት፣ መብራትና ፍሬቻ አየሁ። ቤንዚን ስሞላ አንድ ነገር አስታወስኩ። እኛ ኮሎራዶ ማደያ ላይ የምናገኘው ርካሹ 85 ነው። መመሪያ መጽሐፏ ግን ከፍ ያለውን ስለሚጠይቅ 91 ሞላሁ። የግራው ሳጥን ውስጥ የዝናብ ልብስ፣ ውሃና አንድ ላስቲክ ቆሎ አስቀመጥኩ።

በ6ኛ ጎዳና ወደ ምዕራብ ይዤ ጎልደን ደረስኩ። ከዚያ በክሊር ክሪክ ሸለቆ ገባሁ። ወንዙ ከጎን ይጮኻል፣ መንገዱ በዋሻ እየገባ ይወጣል። ዋሻ ውስጥ ስገባ የማርሚታዋ ድምፅ ግድግዳውን መትቶ ሲመለስ ጣርማበር ትዝ አለኝ። ያኛው ዋሻ ጣሊያን በወረራው ዘመን የቆፈረው ነው፤ ይኸኛው የኮሎራዶ ነው። ሄልሜት ውስጥ ለብቻዬ ሳቅሁ።

ልጆች፣ ይህችን ለእናንተ ልንገራችሁ። ሞተር ሳይክል እንደ መኪና መሪ በማዞር ብቻ አትታጠፍም፤ ዘንበል ትላለች። ነጂው የሚያየው ወዴት እንደሆነ በጣም ወሳኝ ነው፤ ዓይን ወደ ሄደበት ሞተሯም ትሄዳለች። ይህን ያዙልኝ፣ በኋላ እመለስበታለሁ።

አይዳሆ ስፕሪንግስን አልፌ ጆርጅታውን ደረስኩ። ይህች ከተማ በወርቅና በብር ማዕድን ዘመን የተቆረቆረች ናት፤ የድሮ ቤቶቿ ዛሬም አሉ። ከከተማው በላይ ባሉት ገደሎች ላይ ቀንዳቸው የተጠቀለለ የዱር በጎች ይታያሉ። ጓኔላ የሚወስደው መንገድ ከዚያው ከከተማዋ ተነስቶ ወዲያው ዳገት ይጀምራል፤ ኩርባ በኩርባ ላይ ነው።

እዚያ ላይ ነው ጉዱ።

ሦስት አራት ኩርባ በጥሩ ሁኔታ አለፍኩ። ልቤ ደስ አለው። «ይኸው ሰውዬው ደርሶበታል» አልኩ ለራሴ። ቀጣዩ ኩርባ ሲመጣ በስንተኛ ማርሽ እንዳለሁ ለማየት ዓይኔን ወደ ስክሪኗ ጣልኩ። ያየሁት ለአንድ ሰከንድ ቢሆን ነው። ቀና ስል ኩርባው ካሰብኩት በላይ ጠባብ ሆኖ ጠበቀኝ። መንገዱ ላይ ደግሞ በክረምት ለበረዶው የተበተነ አሸዋ ቀርቶ ነበር። ደነገጥኩና ፍሬን ያዝኩ። ጎማው እንዳይቆለፍ የሚያደርገው ኤ.ቢ.ኤስ እጄ ላይ ሲንቀጠቀጥ ተሰማኝ። ዓይኔ ገደሉ ዳር ያለው ብረት ላይ ተተክሎ ቀረ፣ ሞተሯም ዓይኔን ተከትላ መስመሩን አልፋ ከፊት የሚመጣ መኪና የሚሄድበት ቦታ ገባች።

መኪና አልመጣም። በቃ፣ ያዳነኝ ይኸው ነው። ጎበዝነቴ አይደለም። 150 የፈረስ ጉልበትም አይደለም፤ እንዲያውም ፍጥነቴ ይህን ያህል የሚወራለት አልነበረም። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ መንገድ ማየት ሲገባኝ ስክሪን አየሁ።

ዳር ይዤ አቆምኩ። እግሬ እየተንቀጠቀጠ ስለነበር ያንን ሁለት ኩንታል እንዳልጥለው ፈርቼ ቶሎ አልወረድኩም። አሥር ደቂቃ ያህል እንደተቀመጥኩ ቆየሁ። ያሰብኩት ስለ ሁለት ነገር ነው። አንደኛው የ13 ዓመት ልጄ ናት፤ ጠዋት ስወጣ «አባዬ፣ እኔንስ መቼ ነው የምትወስደኝ?» ብላኝ ነበር። ሁለተኛው ቃሌ ነው። ማንም አላየኝም፣ ምንም አልተጫረም። ባልነግራትስ?

ይህን እያብሰለሰልኩ ቀስ ብዬ ወጣሁ። የጓኔላ አናት 11,669 ጫማ ነው፣ በሜትር 3,557። እኛ ዴንቨርን «ማይል ሃይ» እያልን ከፍታዋን እናወራለን እንጂ፣ ዴንቨር 1,609 ሜትር ላይ ናት፤ አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት! ልጆቻችሁን ጠይቋቸው፣ ብዙዎቹ ይህን አያውቁም። ራስ ዳሸን ደግሞ ከ4,500 ሜትር በላይ ስለሆነ ጓኔላን ቁልቁል ያየዋል።

እዚያ ከፍታ ላይ ሞተሯም ትንሽ ደከመች። አየሩ ሲሳሳ ኦክስጅን ይቀንሳል፣ ሞተሩም ጉልበቱ ይቀንሳል። የድሮ ሞተር ቢሆን ያንቀዋል፤ አዲሶቹ ግን አየሩን የሚለካ መሣሪያ ስላላቸው ቤንዚኑን ራሳቸው ያስተካክሉታል። ነገሩ ከወጥ ቤቴ ጋር ይመሳሰላል። ዴንቨር ውስጥ ውሃ የሚፈላው 100 ዲግሪ ላይ ሳይሆን 95 ገደማ ላይ ነው፣ ለዚህ ነው ምስርና ባቄላ እዚህ ለመብሰል የሚቆየው። አናቱ ላይ ቆሜ ቢርስታት የሚባለውን ተራራ እያየሁ ቆሎዬን ቆረጠምኩ። ያምራል፣ ግን እውነቱን ለመናገር አልጣመኝም።

ከሰዓት በኋላ ተራራው ላይ መብረቅና ዝናብ ስለሚመጣ ብዙ አልቆየሁም። በግራንት በኩል ወርጄ፣ በ285 መንገድ ቤይሊንና ኮኒፈርን አልፌ ወደ ከተማ ተመለስኩ። ጠቅላላው 130 ማይል ገደማ ቢሆን ነው። አዲስ ጎማ መጀመሪያ ላይ ስለሚያንሸራትት፣ አዲስ ሞተርም በመጀመሪያው 1,000 ማይል እንዳይጨነቅ መመሪያው ስለሚያዝ፣ ሌላው መንገድ ሁሉ እንደ ሽማግሌ ነው የነዳሁት። ከጠዋቱም እንደዚያው ማድረግ ነበረብኝ።

ቤት ስገባ ባለቤቴ ቡና እያፈላች ነበር። «እንዴት ነበር?» አለችኝ። ጃኬቴን እንደለበስኩ በር ላይ ቆምኩ። ልጄም እዚያው ነበረች። ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ስክሪኑን፣ አሸዋውን፣ መስመሩን ማለፌን። ባለቤቴ ምንም አልተናገረችም። ሲኒውን አቀረበች፣ እስክጠጣ ጠበቀችና እጇን ዘረጋች። «ቁልፉን አምጣ» አለች።

ሰጠኋት። «ልሸጣት?» አልኳት። «አልሸጣትም አልሽጣትም አላልኩህም» አለች፣ «ደብቀኸኝ ቢሆን ኖሮ ዛሬውኑ ትሸጣት ነበር። ሄደህ ትምህርቱን ውሰድ። ያስተማሩህን ለእኔም ታሳየኛለህ።» ልጄ ደግሞ «አባዬ፣ እኔ አልቸኩልም» አለች። ይህቺ ከሁሉም በላይ ነካችኝ።

ኮሎራዶ ውስጥ የስቴቱ ፓትሮል የሚቆጣጠረው የሞተር ነጂዎች ማሠልጠኛ ፕሮግራም አለ። ለጀማሪ ብቻ ሳይሆን ለእንደኔ ዓይነቱ «እችላለሁ» ባይም ትምህርት አለው። አንድ ሙሉ ቀን መኪና ማቆሚያ ሜዳ ላይ ስዞርና ፍሬን ስይዝ ዋልኩ። አሠልጣኙ ደጋግሞ የሚለው አንድ ነገር ነው፤ የምትፈራውን ሳይሆን መውጫህን እይ። ፍሬን ከኩርባው በፊት፣ ዓይን እስከ ኩርባው መጨረሻ። አራት ዓመት ስነዳ ይህን የማውቅ ይመስለኝ ነበር። የ150 የፈረስ ጉልበት ባለቤት ሆኜ የተማርኩት ቀስ ማለትን ነው።

ሞተር ለመግዛት ለምታስቡ ጥቂት ልበላችሁ። የመኪና መንጃ ፈቃድ ብቻውን አይበቃም፤ ለሞተር የተለየ ፈቃድ እላዩ ላይ መጨመር አለበት። ሕጉ ሄልሜት የሚያስገድደው ከ18 ዓመት በታች ያሉ ነጂዎችንና ተሳፋሪዎችን ነው፤ የዓይን መከላከያ ግን ለሁሉም ግዴታ ነው። እኛ ቤት ሄልሜት ለሁሉም ነው፣ ክርክር የለም።

መኪና ለምትነዱም አንድ ነገር አለኝ። ከኦገስት 2024 ጀምሮ ኮሎራዶ ውስጥ መኪኖች ቆመው ሳለ፣ ሞተር ነጂ በ15 ማይል ወይም ከዚያ በታች ቀስ ብሎ በመካከላቸው እንዲያልፍ ሕጉ ይፈቅዳል። ቀይ መብራት ላይ አንዱ ከጎናችሁ ብቅ ቢል አትቆጡ፣ ክላክስም አታድርጉ። ስፖኪዮ አይታችሁ ብቻ ተንቀሳቀሱ። እኔ ልሆን እችላለሁ።

የጓኔላን መንገድ ደግሞ በመኪና ከልጆቻችሁ ጋር ሂዱበት። በክረምት ይዘጋል፣ ስለዚህ በጋው ሳያልፍ ነው። በጠዋት ውጡ፣ ጃኬት ያዙ፣ በጎቹን ፈልጉ፣ ስለ ጣርማበርም ንገሯቸው።

ቁልፉ አሁን ሬስቶራንቱ ውስጥ ካሸሩ አጠገብ ሚስማር ላይ ተሰቅሏል። እሁድ ማታ ስንዘጋ ልጄ ታወርደውና «ስክሪን ወይስ መንገድ?» ትለኛለች። «መንገድ» ካልኩ በኋላ ነው የምትሰጠኝ። ባለቤቴ እስካሁን ከኋላዬ አልተቀመጠችም። ባለፈው ሳምንት ግን «ለእኔ የሚሆን ሄልሜት ስንት ነው?» ብላ ጠይቃኛለች። ዋጋውን ነገርኳት፣ ሌላ ነገር አልጨመርኩም።