ጀልባ የማያስሄደው ዓባይ

ጣና ላይ ታንኳና ጀልባ ስላለ ከጎርጎራ ባሕር ዳር ለመሻገር ድልድይ የጠየቀ የለም። ዓባይ ግን ከጢስ ዓባይ ፏፏቴ በታች ገደል ለገደል ይወርዳል፤ ጀልባ አያስሄድም። እዚያ ድልድይ ከሌለ ደቡብ ጎንደርና ጎጃም እየተያዩ አይገናኙም።

ማስረጃው በእስቴና በሞጣ መካከል ያለው ሰባራ ድልድይ ነው። በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ተሠርቶ በጣሊያን ወረራ ጊዜ ተሰበረ፤ ከዚያ በኋላ ሰው ለዐሥርት ዓመታት በገመድ እየተጎተተ ተሻገረበት። «ባሕር ዳር ላይ በ2016 ዓ.ም. 380 ሜትር የሚረዝም ድልድይ ተመርቋል፤ አይበቃም ወይ?» የሚል ይኖራል። ለመኪና መንገደኛ ይበቃል። እህል ተሸክማ ሞጣ ገበያ ለምትወጣ የእስቴ እናት ግን የገደሉ ድልድይ ከተሰበረ በባሕር ዳር ዙሪያው የቀናት መንገድ ነው። ለዚህም ነው የገደል ድልድዮች ጥገና ከትልቁ እኩል ትኩረት ይገባዋል የምለው።

በእናንተ አካባቢ ክረምት ሲገባ የሚቋረጠው መሻገሪያ የትኛው ነው?