ከሜክሲኮ አደባባይ እስከ ቀጨኔ

ዛሬ በንባብ አዲስ አበባ እንገባለን። የምንወርደው ሜክሲኮ አደባባይ ነው።

ስሙ ከሩቅ አገር የመጣ ነው። ኢጣልያ በ1928 ዓ.ም. አገራችንን ስትወር ብዙ መንግሥታት ዝም አሉ። ሜክሲኮ ግን ወረራውን አልቀበልም አለች። አደባባዩ የዚያ ወዳጅነት መታሰቢያ ነው። በሜክሲኮ ዋና ከተማም በኢትዮጵያ ስም የተጠራ የባቡር ጣቢያ አለ። የዚያ አገር የገጠር ሴቶችም እንደኛው በሸክላ ምጣድ ይጋግራሉ። የሚጋግሩት የበቆሎ ቂጣ ነው። ምጣዱን ኮማል ይሉታል።

በአደባባዩ በኩል በ2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የኤሌክትሪክ ባቡር ያልፋል። ዙሪያው ፎቅ በፎቅ ነው። ከፎቁ ሥር ግን ከሰል ላይ የተጣደ ጀበና ታያላችሁ። ያው የእናንተው ቤት ጀበና ነው! እኔም ተማሪ ነኝና ከትምህርት ስወጣ ቁጭ ብዬ አንድ ሲኒ እጠጣለሁ።

ጀበናን ማን ይሠራል? ከከተማዋ በስተሰሜን ቀጨኔ የሚባል ሰፈር አለ። በዚያ ሸክላ የሚሠሩ ሴቶች ይኖራሉ። አፈሩ ይደርቃል፤ ይወቀጣል፤ ይነፋል። በውሃ ተለውሶ ይታሻል። ጀበናው ያለ መኪና በእጅ ይበጃል። ከዚያ ሳይቸኮል በጥላ ይደርቃል። ለምን? እርጥብ ሸክላ እሳት ሲነካው በውስጡ ያለው ውሃ እንፋሎት ይሆንና ይሰነጥቀዋል። ሸክላ ሠሪዋ ይህን ጠንቅቃ ታውቃለች። ይህ ዕውቀት ነው።

እኛ ግን ምን አልናት? ቡዳ አልናት። ማታ ጅብ ትሆናለች አልን። ከልጇ ጋር መጋባትን ከለከልን። በእሷ ጀበና ቡና እየጠጣን፣ በእሷ ምጣድ እንጀራ እየጋገርን፣ እሷን ራቅናት። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው መስደብ ይቅር ብለው አዋጅ አስነግረው ነበር። አዋጁ ተነገረ፤ ስድቡ ግን አልቀረም።

አቶ ማሞ ተሰማ የሚባሉ የሸክላ ጥበብ ሰው ነበሩ። የተወለዱት ነቀምቴ ነው። ሸክላ ለመማር አሜሪካ ድረስ ሄዱ። ኒው ዮርክ ውስጥ አልፍሬድ በሚባል ዩኒቨርሲቲ ተማሩ። ኋላም በአዲስ አበባ የብሔራዊ ሙዚየም ኃላፊ ሆነው ሠሩ።

እስቲ አስቡት! እዚያ ሸክላ የዩኒቨርሲቲ ትምህርት ነው፤ የተማረው ዲግሪ ይቀበላል። እኛ ዘንድ ያንኑ የአፈርና የእሳት ሙያ ከእናቷ የተማረችው ሴት ስድብ ተቀበለች።

እንግዲህ ገበያ ስትወጡ ጀበናውን በጣታችሁ ኳኳ አድርጉት። ጥርት ያለ ድምፅ ከሰጠ ደኅና በስሏል፤ አልተሰነጠቀም። ከዚያ የሠራችውን ሴት ስሟን ጠይቋት። ሰው የለጠፈባትን ሳይሆን እናቷ ያወጣችላትን። አሁን መጻፍ ችላችኋል፤ ስሟን ጻፉት።